በረዶ አሸንዳ ሲደፍን ለብ ያለ ውሃ

ሀዋሳ ላይ በረዶ ሲጥል ቆርቆሮው ላይ ካለው ጩኸት ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚጎዳው። በረዶው ተንሸራቶ አሸንዳ ውስጥ ይከማቻል፣ የመውረጃውን ቱቦ አፍ ይደፍናል፣ ዝናቡ ሲቀጥል ደግሞ ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። አሸንዳችን ለዝናብ እንጂ ለበረዶ ተብሎ አልተሠራም።

በዱላ አትጎርጉሩት፣ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። መብረቁ እንዳለፈ መሰላል አስደግፉ፣ አንድ ሰው ከታች ይያዝላችሁ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጆግ እየቀዳችሁ መውረጃው አፍ ላይ ብቻ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። አሸንዳውን ሙሉ ለማቅለጥ አትድከሙ። አፉ ከተከፈተ የሚወርደው ውሃ ራሱ ሌላውን እያቀለጠ ይወስደዋል።

የሚሠራው ውሃ ከአየር በጣም ፈጥኖ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ 20 ሊትር ውሃ ሙቀቱን በሙሉ ለበረዶው ቢሰጥ 5 ኪሎ ያህል ያቀልጣል። 40 ዲግሪ ከሆነ እጥፉን። ስለዚህ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃም ብቻውን ይረዳል፣ ለብ ካለ ግን ቶሎ ትገላገላላችሁ።

የፈላ ውሃ ግን አይሆንም፤ የፕላስቲክ ቱቦውን ያለሰልሰዋል፣ መሰላል ላይ ሆናችሁ ቢረጫችሁም ያቃጥላል። ጨውም አትጨምሩ፣ ቆርቆሮ ያዝጋል። የመብራት ገመድ በአሸንዳው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትውጡ፣ ኮርኒሱ ቢረጥብ ይሻላል።