ቬስፓ ለዋጋው ይመጥናል? ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት

125 ሲሲ ቬስፓና 125 ሲሲ የታይዋን ስኩተር በአንድ ጠዋት ከአንድ ሰፈር ቢነሱ ሥራ ቦታ የሚደርሱት እኩል ነው። ዋጋቸው ግን እኩል አይደለም፤ ሁለቱም አዲስ ከሆኑ ቬስፓው የሌላውን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። "ለስሙ ነው የሚከፈለው" የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። የቀረው ግማሽ ያለው ላሜራው ውስጥ ነው፤ ገዢ የሚጠቀመውም የሚቃጠለውም እዚያው ላይ ነው።

አብዛኛው ስኩተር ከውስጥ የብረት ቱቦ አጽም አለው፤ ከላይ የሚታየው ፕላስቲክ ነው። ቬስፓ የቱቦ አጽም የለውም። የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለፒያጆ ፋብሪካ ሲነድፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ላሜራው ራሱ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ሸክሙን እንዲችል አደረገው። የዛሬዎቹ ፕሪማቬራና ጂቲኤስም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ ዓመታት ቢያልፉበትም ኮረኮንች ላይ አይንኳኳም፤ የተጎደጎደ ቦታ ተቀጥቅጦ ይቀባል። በአንጻሩ ዝገት ከገባበት ወይም ግጭት ካጣመመው የተጎዳው ልብሱ ሳይሆን አጥንቱ ነው። ፕላስቲክ የለበሰው ቢወድቅ አንድ ክዳን ገዝተው ይለውጡለታል። የተጣመመ ቬስፓ ግን ሻንሲ የሚያቃና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ያ ባለሙያ ደግሞ በየሰፈሩ የለም።

ሒሳቡ

የተለጠፈውን ዋጋ ለጊዜው ይተዉትና ሲሸጡት ስንት እንደሚጎድልብዎት ያስሉ። በሚኖሩበት ከተማ ማስታወቂያዎች ላይ አምስት ዓመት የሠሩ ቬስፓዎችንና አምስት ዓመት የሠሩ ሌሎች ስኩተሮችን ከየዓይነቱ ቢያንስ አምስት አምስት ይሰብስቡ። ከሁሉም የተወደደውንና የረከሰውን ጥለው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ሻጭ የጠራው ዋጋ መቼም የመጨረሻው አይደለምና 10 በመቶ ይቀንሱለት። ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይህን ሲያነሱ የሚቀረው እውነተኛ ወጪዎ ነው።

ለማሳያ ያህል ቬስፓው 6,000 ዶላር፣ ሌላው 3,000 ዶላር ነው እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው 3,300፣ ሁለተኛው 900 ዶላር ቢያወጣ፣ የጎደለው 2,700 እና 2,100 ነው። ልዩነቱ 600 ዶላር ሆነ፤ ለ60 ወር ሲካፈል በወር 10 ዶላር። ለሚወዱት ነገር ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያንኑ ተጨማሪ 3,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ የአምስት ዓመት ብድር ወስደው ከከፈሉት፣ ወለዱ ብቻ 650 ዶላር ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በእጅ ባለ ገንዘብ የሚገዛ ቬስፓና በብድር የሚገዛ ቬስፓ በሒሳብ አንድ ዕቃ አይደሉም።

የምግብ አድራሽነት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ገጽ ዘግተው ሆንዳ ይግዙ። በቀን መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስኩተር የመሸጫ ዋጋውን ኪሎ ሜትሩ ስለሚበላው ቬስፓው ያለው ብልጫ ይጠፋል። ሌሊት መንገድ ዳር የሚያሳድሩም ቢያስቡበት ይሻላል፤ ለሌባ የሚያምረው ለእርስዎ ያማረው ነው፣ የስርቆት ኢንሹራንሱም በዚያው ልክ ይከብዳል።

አዲስ ከሆነ

አዲሶቹ ማርሽ የላቸውም፤ ኃይሉ በጎማ ቀበቶ ነው የሚተላለፈው። ቀበቶውና አብረውት ያሉት ሮለሮች ያልቃሉ፤ ቀበቶ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ስኩተሩ እዚያው ይቆማል፣ ቁርጥራጩም ክላቹን ሊያበላሽ ይችላል። መመሪያው ያለውን ኪሎ ሜትር ሳያሳልፉ ይቀይሩት። የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ሰርቪስም አይዘለልም፤ ዋስትናውም እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ከመግዛትዎ በፊት የጎማ መቀየሪያ የእጅ ዋጋ ይጠይቁ። ጂቲኤስ ላይ ማርሚታውና ጎማውን የሚይዘው የቀኙ ክንድ ሳይወልቁ የኋላ ጎማ አይወጣም፤ በሌላ ስኩተር በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ እዚህ ረዘም ይላል፣ ቢሉም አብሮ ይረዝማል።

አሮጌው ፒኤክስ

ብዙ ሰው "ክላሲክ" ሲል በልቡ ያለው ይህ የቬስፓ ሞዴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው፣ በ125፣ በ150 እና በ200 ሲሲ የተሠራው፣ ባለ ሁለት ምት ሞተርና ባለ አራት ማርሽ። ማርሹ የሚገባው በግራ እጅ ፍሪሲዮን ጨብጦ መያዣውን በመጠምዘዝ ነው። ባጃጅ የነዳ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ዝምድናም አለው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እስከ 1971 ድረስ ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ሮም ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ምቾት አለ፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ ብሎ ለመካኒኩ ቢነግረው አስተርጓሚ አያሻውም። የጋራዥ ቋንቋችን የመጣው ከዚያው ነው።

ለማየት ሲሄዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ 13 ቁልፍ፣ 21 የካንዴላ ቁልፍና ነጭ ጨርቅ ይያዙ። ለሻጩ ከመሄድዎ በፊት ደውለው "ሞተሩን እንዳታሞቀው" ይበሉት። ደርሰው ሲነኩት ከሞቀ አንድ ነገር ተደብቋል ብለው ይጀምሩ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የቀኙን የሞተር ክዳን አስወልቀው ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ፤ የሞተሩ ቁጥር ሞተሩን ከሻንሲ በሚያያይዘው ክንድ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ባለ 125 የሻንሲው ቁጥር በቪኤንኤክስ1ቲ፣ የሞተሩ በቪኤንኤክስ1ኤም ይጀምራል። በባለ 200ው ቪኤስኤክስ1ቲ እና ቪኤስኤክስ1ኤም ነው። ሻንሲው የ125፣ ሞተሩ የ200 ከሆነ ሞተር ተቀይሯል፤ ያ ብቻውን ወንጀል ባይሆንም ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ምርመራ ላይ ይጥልዎታል። ቁጥሩ ዙሪያ የተፈጨ ወይም የተበየደ ምልክት ካዩ ድርድሩን ያቁሙ።

ቀጥሎ ላሜራው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ደስ አያሰኝዎ፤ ፋብሪካ የቀባው፣ የደበዘዘና የተጫጫረ ግን ያልተደበቀ ቀለም ይሻላል። ማግኔቱን በእግር ማሳረፊያው ወለል፣ በፊት መከለያው ታችኛ ክፍልና በጎን ክዳኖቹ ላይ ቀስ ብለው ያንሸራቱት። ጥርቅም ብሎ ከያዘ ብረት ነው፤ ላላ ካለ ወይም ከወደቀ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ከዚያ ተንበርክከው ከወለሉ ሥር በባትሪ ይመልከቱ። ዝገት የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የኋላ ፍሬን ፔዳል የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ መቆሚያው የታሰረበት፣ ከወለሉ ሥር የሚያልፉት ተሻጋሪ ብረቶች፣ ትርፍ ጎማው ከተቀመጠበት ጀርባ። በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ብረት መስጠት የለበትም። ብጫቂ ላሜራ በላዩ ላይ ከተበየደ ውስጡ በልቷል ማለት ነው። ቬትናም ውስጥ ታድሰው ወደ ውጭ ከተላኩ አሮጌ ቬስፓዎች መካከል ከሁለት ሻንሲ ተቆርጠው የተበየዱ ተገኝተዋል፤ ቀለማቸው ሲታይ ግን ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ።

ለግጭት ምርመራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ከፊት ለፊት ይዩት። የፊት ጎማው ከመከለያው መሐል ወጥቶ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም ፓራፋንጎው ከመከለያው ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ሹካው ወይም ሻንሲው ተመቷል። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ ቀጥ ሲል "ቀጭ" ብሎ የሚቆም ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተጎድጉዷል። ይህ በትንሽ ወጪ ይሠራል፣ ለድርድር ግን ይጠቅማል።

አሁን ያስነሱት። ቾኩን ስበው በሁለት ሦስት ምት መነሳት አለበት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ አይደንግጡ፤ ቤንዚኑ ዘይት አለበትና፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ወፍራም ነጭ ጭስ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ግን በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቆ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየጠጣ ነው። የበለጠ የሚያስፈራው ጭስ የሌለው በሽታ ነው። ጋዙን ሲለቁት ሞተሩ ቶሎ ካልወረደና ብቻውን ከጮኸ፣ በሌላው ጎን ባለው ኦይል ሲል ወይም በካርቡራተሩ ሥር አየር ይስባል። አየር ሲበዛ ቤንዚኑም ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስተኑ ይግላል፣ አንድ ቀን በሙሉ ፍጥነት ላይ ሲሊንደሩን ይዞ ይቆማል፣ የኋላ ጎማውም አብሮ ይታሰራል።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ይፍቱ። ጫፉ በወጉ የተቆላ፣ ሳይጠቁር የተነሳ ቡና መምሰል አለበት። ነጭ ከሆነ አየር በዝቶበታል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። ነጩ ነው ኪስ የሚያራቁተው።

በመንዳቱ ላይ አንድ ፈተና አይለፍዎ፦ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ይስጡ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይስጡ። ማርሹ ወደ ባዶ ከዘለለ ማርሾቹን የምትይዘው የመስቀል ቅርጽ ያላት ብረት ተበልታለች። ዕቃዋ ርካሽ ናት፤ እሷን ለመድረስ ግን ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። ከተከፈለ ደግሞ ኩሽኔታውን፣ ኦይል ሲሉንና ጓርኒሲዮኑን ሳይቀይሩ መግጠም ሞኝነት ነው። ስለዚህ ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው የብረቷ ዋጋ ሳይሆን የሙሉ ሞተር ሥራ ዋጋ ይሁን።

በእኛ አስተያየት፣ ሞተሩ የታመመ ግን ላሜራው ጤነኛ የሆነ ፒኤክስ፣ በሚገባ ከተደራደሩ፣ ይገዛል፤ ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሠራ ግን ወለሉ የበሰበሰ አይገዛም። የሞተር ዕቃ በብዛት ይገኛል፤ በሕንድ ኤልኤምኤል የተባለ ኩባንያ የሠራቸውና አሜሪካ ውስጥ ስቴላ በሚል ስም የተሸጡት ተመሳሳይ ስኩተሮችም ብዙ ዕቃ ይጋራሉ። እንዲያውም ስሙ ካላሳሰበዎ ኤልኤምኤሉ ያንኑ መልክ ባነሰ ዋጋ ይሰጥዎታል።

ሕጉንም ቀድመው ይጠይቁ። ጣሊያን ውስጥ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እስከ 125 ሲሲ መንዳት ስለሚችል 150ው ተጨማሪ ፈቃድ ያስወጣል። ለንደን ውስጥ ዩሮ 3 የተባለውን የጭስ ልቀት መስፈርት የማያሟላ ሞተር ሳይክል በንጹሕ አየር ቀጠናው በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል፤ 40 ዓመት የሞላውና በታሪካዊነት የተመዘገበው ነጻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ከተጣለ ወዲህ ነገሩ ፈቃድን የተከተለ ነውና፣ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱ።

ከገዙት በኋላ ባለው ሳምንት

የማርሽ ዘይቱን ሞቅ ባለበት ያፍስሱና 250 ሚሊ ሊትር ኤስኤኢ 30 (SAE 30) ዘይት ይሙሉ። የፍሪሲዮን፣ የማርሽ፣ የጋዝና የፍሬን ገመዶችን በሙሉ አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አንዱ የተበጠሰ ዕለት ሌሎቹም ተራ ይዘዋል። ቤንዚኑን በ2 በመቶ ያዋሕዱ፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። ዘይቱን ለብቻው የሚያስገቡበት ሞዴል ከሆነ ፓምፑ መሥራቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ ለመጀመሪያው ታንክ እንዲሁ ያዋሕዱለት።

ጎማው ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይዩ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ቁጥሩ አሮጌ ከሆነ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀይሩት። የፒኤክስ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። ጎማውን ከስኩተሩ የሚያወርዱት አምስት ብሎኖች ሌላ ናቸው፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙት ሌላ። ከመነዳሪው ውስጥ አየር እያለ ሁለተኞቹን ከፈቱ ቸርኬው ፈንድቶ ፊትዎን ሊመታ ይችላል፤ መጀመሪያ ቫልቩን ነቅለው አየሩን ጨርሰው ያውጡ።