ሥር ሳያወጣ የሚበሰብስ የበለስ ቁራጭ

ድሬዳዋ ላይ የበለስ (የቁልቋሉ ሳይሆን የዛፉ) ቁራጭ ቅጠል እንዲያወጣ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሥር ማስያዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔዎቹ ቶሎ ለምልመው ጎረቤቱን ሁሉ ካስደነቁ በኋላ ይጠወልጉ ነበር። ነቅዬ ሳያቸው ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ በስብሷል፤ ሥር የሚባል ነገር የለም።

በሙቀቱ እንቡጡ ከሥሩ ቀድሞ ይፈነዳና በእንጨቱ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ይጨርሰዋል። ውሃ የሚቋጥር አፈር ደግሞ የተቆረጠውን ጫፍ አየር ያሳጣዋል።

ስለዚህ አፈሩን ትቼ የደቻቱን ወንዝ ሻካራ አሸዋ አመጣሁ፤ አጥቤም የፈላ ውሃ አፈሰስሁበት። እርሳስ የሚያህል ውፍረትና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የጠነከረ እንጨት መርጬ ከአንጓው (ቅጠል ከሚወጣበት እብጠት) በታች ቆረጥሁ። የሚፈስሰውን ነጭ ወተት አጥቤ (ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት አይናቅም) ጫፉ ጥላ ውስጥ እስኪደርቅ አቆየሁት። ከዚያ ታቹ በተበሳ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ፣ አንድ አንጓ ብቻ ከላይ አስቀርቼ ቀበርሁት። ጠርሙሱን በጥቁር ጨርቅ ጠቀለልሁ፤ ሥሩን ማየት ስፈልግ እገልጠዋለሁ።

ዋናው ነገር ውሃው ነው። አሸዋው ሲጨበጥ ጠብታ ከወጣው በዝቷል። ማዳበሪያ በፍጹም! ቦታው ቀን ሙሉ ጥላ፣ ከቆርቆሮ ግድግዳ የራቀ ይሁን። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ ያለችው እኅቴ በተቃራኒው ወጥ ቤቷ ውስጥ ሞቅ ያለ ጥግ ፈልጋለታለች።

ነጫጭ ሥሮች በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሲታዩ ወደ ሰፊ ዕቃ አዛወርሁት። አዲስ ሥር በቀላሉ ስለሚሰበር ጠርሙሱን በመቀስ ቀደድሁ እንጂ ችግኙን አልጎተትሁም።