የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲታቀድ የአዕዋፍንና የሌሊት ወፎችን መኖሪያ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ተርባይኖች ስንት ወፍ እንደሚገድሉ በአብዛኛው የሚወስነው የተተከሉበት ቦታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት ፓስ በተባለው ስፍራ፣ ወርቃማ ንስሮች በሚያድኑባቸው ኮረብቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ተርባይኖች ተተከሉ፤ ንስሮቹን ማዳን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ራስ ምታት ሆነ።

1. ካርታ ደርቡ። ረግረጎችን፣ ጎጆ ያለባቸውን ገደሎች፣ የሌሊት ወፍ ዋሻዎችንና የስደተኛ ወፎችን መተላለፊያ በነፋሱ ካርታ ላይ አስፍሩ። አስቸጋሪው ነገር ኃይል አመንጪውም ወፏም አንድ ቦታ መፈለጋቸው ነው፦ ነፋስ ገደል ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ንስርና ጥንብ አንሳም በዚያ አየር ላይ ያለ ድካም ያንዣብባሉ። ተርባይኑን ከአፋፉ ወደ ውስጥ መሳብ ጥቂት ነፋስ ቢያሳጣም ያዋጣል።

2. ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቁጠሩ። ስደተኞች በጥቂት ሳምንታት ስለሚያልፉ የአንድ ወቅት ቆጠራ ቦታውን ባዶ ያስመስለዋል። ከዝርያው ጋር የበረራ ከፍታውንም መዝግቡ። የሌሊት ወፍ ድምፅ መቅጃን መሬት ላይ ብቻ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ በነፋስ መለኪያው ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

3. መንገድና መስመር። በተቻለ መጠን ነባር መንገድ ተጠቀሙ፣ በተርባይኖች መካከል ያለውን ገመድ ቅበሩ። መስመሩ በምሰሶ ከሄደ፣ ትልቅ ወፍ በክንፉ ሁለት ሽቦ በአንዴ እንዳይነካ አግድም ርቀቱ ቢያንስ 150 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ካልተቻለ ሽቦውን በማይተላለፍ ሽፋን ሸፍኑ። ከላይ ያለው ቀጭን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ለወፍ ስለማይታይ ጉልህ ምልክት ይንጠልጠልበት።

4. አሠራሩን አስተካክሉ። የሌሊት ወፎች የሚሞቱት በብዛት ነፋሱ በደከመባቸው ሌሊቶች ነው። ተርባይኑ ሥራ የሚጀምርበትን የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ ከ3.5 ወደ 5 ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ በታችም ክንፎቹ እንዳይሽከረከሩ ጠርዛቸውን ወደ ነፋሱ ማዞር ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ እንዲህ ያለው እርምጃ ሞቱን ከ44 እስከ 93 በመቶ ቀንሷል፤ የጠፋው ዓመታዊ ምርት ከ1 በመቶ አልበለጠም። ይህን ያህል ርካሽ መፍትሔ በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለንስርና ለሽመላ ግን ይህ አይረዳም፤ በስደት ወቅት መንጋ ሲቀርብ ተርባይኑን የሚያስቆም ተመልካች ወይም ካሜራ ያስፈልጋል።

5. ሬሳ ስትቆጥሩ አርሙ። ፈላጊው ግማሹን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ከፍለጋው በፊትም ግማሹን አውሬ የሚወስደው ከሆነ፣ የተገኙት 6 ሬሳዎች የ24 ወፎችን ሞት ያመለክታሉ። ሁለቱንም መጠን የምታውቁት ሬሳ ሆን ብላችሁ አስቀምጣችሁ በመፈተን ነው።

ስንት ሞት ሲደርስ የትኛው ተርባይን እንደሚቆም ከግንባታ በፊት በውሉ ላይ ይጻፍ። ምርት ከተጀመረ በኋላ እያንዳንዷ የማቆሚያ ሰዓት ገንዘብ ስለሆነች ለድርድር ትቀርባለች። በሌላ ቦታ መኖሪያ አልምቶ ማካካስም የሚመጣው መራቅና መቀነስ ካልበቁ ብቻ ነው።