ድንገተኛ መስተጓጎል ሲያጋጥም ሥራ እንዳይቆም እንዴት ይታቀዳል?

ጎንደር ውስጥ ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው መብራት ሲጠፋ ወይም ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ነጋሪ አያሻውም። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳ ተቀባይ ሆቴሎችን ባዶ አስቀርቷል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። የአደጋው ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም፤ አደጋው የሚያሳጣን ነገር ግን ጥቂት ነው፤ ኃይል፣ ውኃ፣ መገናኛ፣ መንገድ፣ ገንዘብ፣ ሠራተኛና የሥራ ቦታ። ስለዚህ ዕቅዱ የሚመጣውን አደጋ ከመተንበይ ይልቅ ከእነዚህ አንዱ ቢታጣ ምን እንደሚደረግ ቢወስን ይሻላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ድርጅቱ የሚሠራቸውን ሥራዎች ዘርዝሮ እያንዳንዳቸው ሳይሠሩ ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚችሉ መጻፍ ነው። ስለ ሥራ ቀጣይነት በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 22301ም (እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 ተሻሽሏል) የዕቅዱ መሠረት ይኸው ጥናት ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ብንወስድ፣ የተቦካ ሊጥ ምድጃው ቢቆምም መኩፋቱን ስለማያቆም የሚታገሠው ለሰዓታት ብቻ ነው፤ ለሆቴሎች የሚደረገው የጠዋት ዳቦ አቅርቦት አንድ ቀን እንኳ ቢቋረጥ ደንበኛ ያሸሻል፤ የወር ሒሳብ መዝጋት ግን ሳምንት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም። ባለቤቱ ብቻውን ከሚገምት ጋጋሪውን፣ ገንዘብ ተቀባይዋንና ሾፌሩን ቢጠይቅ ይመረጣል፤ ሥራው በትክክል የት እንደሚታነቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ቀጥሎ አጭር ጊዜ ብቻ የሚታገሡት ሥራዎች በምን ላይ እንደተንጠለጠሉ ይመርመር። ዱቄቱ የሚመጣው ከአንድ አቅራቢ ነው? ማሽኑን መጠገን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው? የባንክ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ፊርማስ የአንድ ሰው ነው? “አንድ” የሚል መልስ በተገኘበት ሁሉ ሁለተኛ አማራጭ መፈለግ አለበት።

ለኃይል መቋረጥ ብዙዎች ጀነሬተር ገዝተው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሞተር ያለው ማሽን ሲነሣ ከመደበኛው በርካታ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ የጀነሬተሩ አቅም ይህንን ታሳቢ አድርጎ መመረጥ አለበት፤ በየወሩም ባዶውን ሳይሆን ጭነት ተሸክሞ መሞከር ይኖርበታል። ናፍጣ በከተማው የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ የስንት ሰዓት ነዳጅ በእጅ እንዳለ ይታወቅ፤ ማስቀመጫውም ከእሳት የራቀ ይሁን። ትልቅ ጀነሬተር ለመግዛት አቅም የሌለው ዳቦ ቤት፣ ሊጡን አስጭኖ ሌላ ሰፈር ባለ ምድጃ ለመጋገር ከሌላ ዳቦ ቤት ጋር አስቀድሞ ቢዋዋል፣ በእኔ ግምት ይህ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

የክምችት መጠን እንደ ወቅቱ ይወሰናል። ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት ከተማዋን በእንግዳ ስለሚሞላ ዱቄትና እርሾ በታኅሣሥ መግባት አለበት።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሞባይል ክፍያ ሊስተጓጎል ስለሚችል፣ ለጥቂት ቀናት ደመወዝና ግዢ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ መያዝ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ሲቆምም በገቢዎች የተፈቀደ የእጅ ደረሰኝ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የደንበኞችና የተበዳሪዎች ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ከሥራ ቦታው ውጭ ይቀመጥ። ስልክም ከጠፋ ሠራተኞች በስንት ሰዓት የት እንደሚሰባሰቡ ከወዲሁ ይነገራቸው፤ መንገዱ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ማንም እንዲመጣ አይገደድ።

ይህ ሁሉ ከሁለትና ከሦስት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ወፍራም ጥራዝ የሚያገላብጥ የለም። ዕቅዱ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውልና ይህን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ እርሱ ከሌለም ተተኪው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍበት። በመጨረሻም ገበያ በቀዘቀዘ ቀን ቆጣሪው ሆን ተብሎ ይጥፋና ሠራተኞቹ ባለቤቱ በሌለበት በዕቅዱ ይሥሩ፤ የተደናገሩበት ቦታ ሁሉ በዚያው ቀን ይታረም። ሠራተኛ፣ አቅራቢ ወይም ስልክ ቁጥር በተለወጠ ቁጥርም አሮጌው ቅጂ ተሰብስቦ አዲሱ ይታደል።