ሐረርን በሁለት ቀን? ከአዳማ ስትነሱ የማይደገሙ ስህተቶች

እኛ የአዳማ ልጆች መንገድ የምናውቅ ይመስለናል። ከተማችን ራሷ መንገድ ላይ ያደገች ናት። ባቡሩ ሲቆም፣ መኪናው ሲያልፍ፣ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ነው አዳማ አዳማ የሆነችው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ለሦስት ሳምንት መጥታ «አንድ ታሪካዊ ከተማ ሳላይ አልመለስም» ስትል ቤተሰቡ በሙሉ አስጎብኚ ሆነ። ሐረር ተባለ። ቅዳሜ ንጋት ወጥተን እሁድ ማታ ቤታችን ልንገባ ተስማማን። ስህተቱ ገና ከግቢ ሳንወጣ ጀመረ።

ኪሎ ሜትርን በውጭ አገር ሂሳብ መቁጠር

ልጅቷ ስልኳን አየችና «አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር? አምስት ሰዓት ነዋ!» አለች። እሷ በምትኖርበት አገር ልክ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ወለንጪቲን፣ መተሐራን እያላችሁ እስከ አዋሽ ድረስ ከጅቡቲ ከሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጋር ትጋፋላችሁ። አዋሽ ላይ የጅቡቲው መንገድ ይገነጠላል፤ እፎይ ትላላችሁ። እፎይታው ግን አይቆይም። ወደ ጭሮ ስትጠጉ ዳገቱና ጥምዝምዙ ይጀምራል። ግመል መንገድ ያቋርጣል፣ አህያ መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ ያስባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ሐረር የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የቀረን ግማሽ ከሰዓትና አንድ ማታ ብቻ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

አርብን ፈቃድ ውሰዱ። አርብ ንጋት ተነሱና ቅዳሜን ሙሉውን ለከተማዋ ስጡ፤ እሁድ በጠዋት ተመለሱ። ገንዘብ ካልቸገራችሁ ደግሞ ከቦሌ ድሬዳዋ በረራ አለ፤ ከዚያ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በማታ መንዳት አይታሰብ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች ጠይቁ።

«ባቡር አለ አይደል?»

አለ። አዳማም ጣቢያ አለው። ግን የሚያወርዳችሁ ድሬዳዋ ነው። ሐረር ባቡር ገብቶባት አያውቅም። የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር ሐረር ሊደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋም በዚህ ሰበብ በ1895 ዓ.ም. ተቆረቆረች። የባቡሩን ቀንና ሰዓት ሳትጠይቁ ሻንጣ አትሸክፉ።

ጨለንቆን ተኝቶ ማለፍ

ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ከሂርና በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት ቁልቢ ደርሰን ነው። ጨለንቆ ከመኪና መስኮት ሲያዩዋት ተራ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ግን በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የአሚር አብዱላሂ ጦር የተዋጋው እዚያ ነው፤ ሐረርም ነፃነቷን ያጣችው በዚያ ውጊያ ነው። ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ከተማ በጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ወለሉና መደቡ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ለምን ቀይ ሆነ ብለን ስንጠይቅ፣ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል አሉን። ያኔ አንገቴን ደፋሁ። ነቅቼ ቢሆን ኖሮ መስክ መስኩን እያየሁ መጥቼ፣ ያ ቀለም ሌላ ነገር ይነግረኝ ነበር።

ስለ ቤቱ ካነሳን፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ። ከዚያ ያገኛችሁት ቦታ ላይ ዘፍ አትበሉ። መደቦቹ፣ «ነደባ» ነው የሚሏቸው፣ ደረጃ አላቸው። የአባወራው መቀመጫ የተለየ ነው። እንግዳ «የት ልቀመጥ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የኛ ልጅ ግን ቀጥ ብላ የአባወራው ቦታ ላይ ተደላደለች። የቤቱ እመቤት ሳቁና «ዛሬ አባወራ መጣልን» አሉ። ቀለል አድርገው አለፉን እንጂ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቀኑን ሳያዩ መነሳት

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። መንገዱ ከጥግ እስከ ጥግ ሰው ይሞላል፣ አልጋም አይገኝም። ለመሳለም ከሆነ እሰየው፤ ለሽርሽር ከሆነ ሌላ ሳምንት ይሁን። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ ከተማው ዝም ይላል፤ የሚደምቀው ከምሽቱ ማፍጠሪያ በኋላ ነው።

ጀጎልን በመኪና

ጀጎል የሚባለው በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ከመኪና መስኮት ለማየት የሚመጣ ሰው አለ! መተላለፊያዎቹ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። መኪናውን ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ጫማችሁ ለድንጋይ ንጣፍ የሚሆን ይሁን።

አስጎብኚ ያዙ። ዋጋውን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። የስልክ ካርታ እዚያ ብዙም አይረዳም። እኛ በድምፅ ነው መንገድ የለየነው። «መኪና ግርግር» የሚባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ግርርር ሲል ከሰማችሁ አደባባዩ፣ ፈረስ መጋላ፣ ሩቅ አይደለም።

ሰላም ሳይሉ ፎቶ ማንሳት

ጊዲር መጋላ ገበያ ውስጥ የሴቶቹ ልብስ ቀለም ያፈዛል። የአክስቴ ልጅ ስልኳን መዘዘች። አንዲት ሻጭ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። አስጎብኚያችን «አቦ፣ መጀመሪያ ሰላም በያት እንጂ!» አላት። ሰላም አለቻት፣ ቅመም ገዛቻት፣ ፎቶውም መጣ። ስጋ ተራ ስትደርሱ ደግሞ የያዛችሁትን ምግብ ጠበቅ አድርጉ። ጭልፊቶቹ ከሰማይ ወርደው ከእጅ ይመነትፋሉ።

ራምቦ ቤት

ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ኖሯል፣ ነግዷል፤ ይሄ እውነት ነው። በስሙ የሚጠራው ቤት ግን እሱ የኖረበት ነው ብላችሁ አትግቡ። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ለእንጨት ሥራውና ለድሮ ፎቶግራፎቹ ሲባል መታየቱ አይከፋም። ጊዜ ካጠራችሁ ግን እኔ ሸሪፍ ሙዚየምን አስቀድማለሁ።

ለጅቡ አርፍዶ መድረስ

ጅብ የሚመገበው ሲመሽ ነው፤ 1 ሰዓት አካባቢ ቦታው ላይ ሁኑ። ትርኢት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። የጀጎል ግንብ ሥር ጅቦች ገብተው ቆሻሻ እንዲያጸዱ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ በዓል ዕለትም ለጅቦች ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ስለዚህ ጅቡ እዚያ ጎረቤት ነው። አትጩሁ፣ አትሩጡ፣ የፎቶ መብራት ዓይናቸው ላይ አታብሩ። ትንሽ ልጅ ካለ ከአዋቂ እጅ አይውጣ።

እኛ የረሳነው የመመለሻውን ባጃጅ ነው። የመጣንበትን ባጃጅ «ሂድ፣ እንደውላለን» ብለን አሰናበትነው፤ ስልኩን ግን ማናችንም አልያዝንም። ጨለማ ውስጥ በእግር ስንመለስ የአክስቴ ልጅ በየአሥር እርምጃው ዞር ትላለች። «የሚከተለን ጅብ ነው ውሻ?» ትለኛለች። ውሻ ነው እያልኩ ሆቴል አደረስኳት።