«የለም» ያላችሁትን መዝግቡ፦ ለመለዋወጫ ሱቅ የመረጃ ሥርዓት አዘረጋግ

አባቴ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ተምሬ የተመረቅሁ ሰሞን «በይ እንግዲህ፣ የተማርሽውን አምጪና እንየው» አለኝ። ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ከጓደኛዬ የስቶር ፕሮግራም ለምኜ ጫንኩ። ስድስት ወር ሳይሞላው ላፕቶፑ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ሱቃችን ጎረቤቱን በምን እንደሚበልጥ ሳልጠይቅ ዕቃ መመዝገብ የጀመርኩት።

ስለዚህ እናንተ ከዚያ ጥያቄ ጀምሩ። የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር በፈረንጆቹ 1980 ያስቀመጣቸውን መንገዶች የቢዝነስ ተማሪ ሁሉ ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፤ ከሁሉም በርካሽ መሥራት፣ ሌላው የሌለውን ይዞ መገኘት፣ ወይም ጠበብ ያለ ገበያ መርጦ እዚያው ላይ መጠንከር። እኔም ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ሱቅ ውስጥ ሳየው ግን ነገሩ ቀላል ነው። በርካሽ መሸጥ በኮንቴይነር የሚያስመጣው ነጋዴ ሥራ ነው፤ እኛ ራሳችን ከእሱ ነው የምንረከበው። ለእኛ የቀረልን ጠባቡ መንገድ ነበር። «የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ ፈልጎ የመጣ ሰው ከዚህ ሱቅ ባዶ እጁን አይመለስም» አልን። ይህ ከተወሰነ በኋላ ምን እንደሚመዘገብና ምን እንደሚተው ራሱ ነገረን።

ቀጥሎ ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ስጡ። በአባቴ ደብተር አንዱ የዘይት ፊልትሮ «የኮሮላ ፊልትሮ»፣ «ፊልትሮ ቪትዝ» እና «ትንሹ ፊልትሮ» ተብሎ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ካርቶኑ ላይ ግን ፓርት ነምበሩ፣ ማለትም ፋብሪካው የሰጠው የዕቃው መለያ ቁጥር፣ አንድ ነው፤ 90915 ብሎ የሚጀምረው የቶዮታ ቁጥር። አንዱ መደርደሪያ ላይ ሲያልቅብን ሌላው ላይ ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ እንደገና ገዝተናል። እሁድ ሱቁን ዘግተን ከጠዋት እስከ ማታ ቆጠርን፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ፓርት ነምበሩንና የተቀመጠበትን ቦታ ጻፍን። «ሀ-3-2» ማለት ሀ ግድግዳ፣ ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ሁለተኛ ሳጥን ነው።

ለመነሻ ኤክሴል ይበቃችኋል። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ለሂሳብ ሠራተኛው ጥሩ ነው። የካሽ ሬጅስተሩ ማሽን ማታ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑ ሽያጭ ድምር፣ ለግብሩ ያስፈልጋል። ሁለቱም ግን ነገ ጠዋት ምን ልዘዝ ለሚለው መልስ አይሰጧችሁም። ለዚያ አንዲት ስሌት አለች። አንድ ፊልትሮ በቀን 4 ይሸጣል እንበል፤ ካዘዛችሁ በኋላ በ10 ቀን ይደርሳል። እስኪደርስ 40 ይወጣል። አቅራቢው ቢዘገይ ብላችሁ 15 ጨምሩ። ሳጥኑ 55 ላይ ሲደርስ ስልክ ደውሉ። ኤክሴሉ ከዚያ በታች የወረደውን ረድፍ ቀይ እንዲያደርገው አዙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሽያጭ መዝገብ የሚያውቀው የሸጣችሁትን ብቻ ነው። ደንበኛ መጥቶ «አለ?» ብሎ፣ «የለም» ተብሎ የሄደውን ማን ይመዘግበዋል? ማንም። ባንኮኒው ላይ በገመድ የታሰረች ትንሽ ደብተር አኖርኩ፤ ከእስክሪብቶዋ ጋር። «የለም» በተባለ ቁጥር ቀኑ፣ ዕቃው፣ የመኪናው ሞዴልና የጠየቀው መካኒክ ይሁን ባለመኪናው ይጻፋል። ከሁለት መስመር አይበልጥም። ማታ ማታ ወደ ኤክሴል አስገባዋለሁ።

ከወሩ በኋላ ደምሬ አባቴን አሳየሁት። እሱ ኩሽኔታ ነው የሚጎድለን ይል ነበር። ደብተሯ ግን የቪትዝ ኮይል 23 ጊዜ ተጠይቆ 23 ጊዜ «የለም» መባሉን ነው የምትናገረው። ከጀርባችን ያለው ግድግዳ ደግሞ ታክሲው ሁሉ ላዳ በነበረበት ዘመን በተገዛ የላዳ ፍሪሲዮን ተሞልቷል። ብራችን እዚያ ተኝቶ ነበር። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው፤ ምንም አላለም፤ በሳምንቱ ፍሪሲዮኑን በወረደ ዋጋ አስረከበና ኮይል አስገባ። ሲመሰገን ዝም የሚል ሰው ነው፣ ሲሳሳትም እንደዚያው።

አንድ ዓምድ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። «የተገዛበት ዋጋ» ከሚለው ጎን «ዛሬ ቢገዛ» የሚል ጨምሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ከ74 በላይ ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታትም 100 አለፈ። በድሮው መግዣ ላይ ትርፍ ጨምረን ስንሸጥ የቆየን ሰዎች ደስ እያለን መደርደሪያችንን ባዶ አደረግን፤ በሰበሰብነው ብር ግን ያንኑ ያህል ዕቃ መመለስ አልቻልንም። ትርፍ የመሰለን ኪሳራ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ሰዎቹ ናቸው። አብሮን የቆየ ሻጭ አለ፤ ሱቁን በቃሉ የሚያውቅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ካንዴላ የሚያወጣ። እሱ አንድ ቀን ካልመጣ ሱቁ ግማሽ ይዘጋል። እኔ እንደ «ሀ-3-2» ያሉትን የቦታ ኮዶች መደርደሪያው ላይ መለጠፍ ስጀምር ዝም አለ፤ ከዚያ ኮዶቹ መላቀቅ ጀመሩ። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን እውነት አለው፤ የእንጀራው ዋስትና ያ በጭንቅላቱ ያለው እውቀት ነው፣ እኔ ደግሞ እሱን ወደ ላፕቶፕ እየገለበጥኩ ነው። የትኛው ዕቃ የት ይቀመጥ የሚለውን ለእሱ ተውኩለት፤ የትዕዛዙም ዝርዝር ያለ እሱ ፊርማ እንዳይወጣ አደረግሁ። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንዲህ ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ። እናንተም ማን ያስገባል፣ ማን ያርማል፣ ማን ያያል የሚለውን ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። መግዣ ዋጋ ሻጭ ማየት የለበትም የሚሉ አሉ፤ እኛ ለነባሩ ሻጭ ከፍተናል፣ ለአዲሱ ልጅ አልከፈትንም።

ክፍያ ላይ አትዘናጉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ግማሹ ደንበኛችን ጥሬ ብር አይዝም። አንድ ቅዳሜ ግርግር በነበረበት ሰዓት አንድ ሰው የከፈለበትን ስክሪንሾት አሳይቶን ሾክ አብዞርበር ይዞ ሄደ። ማታ ሂሳብ ስናመሳክር ብሩ አልገባም፤ ምስሉ የተቀናበረ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናምነው የራሳችን ስልክ ላይ የገባውን መልእክት ብቻ ነው። የግብይት ቁጥሩም ከሽያጩ ረድፍ ጋር ይጻፋል፤ ማታ በቁጥሩ እናመሳክራለን።

ከጋራዦቹ ጋር ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። መካኒኩ የሻንሲ ቁጥሩን ወይም የተበላውን ዕቃ ፎቶ ይልካል፤ እኛ ያለንን፣ ዋጋውን፣ ኦሪጅናል ይሁን ቻይና ጽፈን እንመልሳለን፤ ከተስማማ በሞተር ይላካል። የትኛው ጋራዥ በወር ስንት ጊዜ ምን እንደሚያዝ ስለምናውቅ የፍሬን ሸራው ሳያልቅበት እኛ እንጠይቀዋለን። ጎረቤታችን ሃያ ብር ቀንሶ ቢጠራው ቶሎ አይሄድም። ዱቤውን ግን በግሩፕ አትነጋገሩት፤ ለብቻ ሺት፣ ለብቻ ስልክ።

ኮፒ ያዙ። ላፕቶፑ አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎብኝ የሦስት ሳምንት ሽያጭ ከካርኒ ላይ እንደገና ለቅሜያለሁ። አባቴ «ደብተሬን መብራት አያቃጥልብኝም» እያለ አንድ ሳምንት ስቆብኛል። አሁን ፋይሉ ማታ ማታ ጉግል ድራይቭ ላይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፍላሽ ላይ ይገለበጥና አባቴ ቤት ይዞት ይሄዳል።