ኢሜይል አልመጣም ሲላችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ

እንደ ተንደርበርድ ወይ አውትሉክ ያለ የኢሜይል ፕሮግራም የሰርተፍኬት (ኢሜይላችሁ ያለበት የሰርቨር ኮምፒውተር መታወቂያ) ማስጠንቀቂያ እያወጣ ኢሜይል አላመጣም ካላችሁ ፓስወርድ ለመቀየር አትቸኩሉ፣ አካውንቱንም አታጥፉት፣ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን እዩት። እንደኛ ቱሉ ዲምቱ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ይሄ ይገጥመዋል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ለናንተ ኮምፒውተር ገና ያልወጣ ይመስለዋል፣ ለዛ ነው እምቢ የሚለው።

ቀኑን አስተካክሉት፣ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር! ዓመቱን በኛ ከሞላችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሆን ያው ችግር ይመለሳል። ሰዓቱም በፈረንጅ፣ ታይም ዞኑ ናይሮቢ፣ ፕላስ 3። ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልቷ ናት፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ አውጧትና ይዛችሁ ሄዳችሁ ተመሳሳይዋን ግዙ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን ዝም ብላችሁ እሺ ብላችሁ እንዳታልፉት፣ በተለይ የሰው ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ፣ መሃል ገብቶ ፓስወርዳችሁን የሚያነብ ሊኖር ይችላል።